መምህሩን በደቦ እናስተምር

የይፋት ልጆች ሆይ፣ በአገርም በውጭም ያላችሁ!

ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች። ልጆቻችን ኳስ የሚያነሡት ወደ ማታ፣ ጥላ ሲረዝም ነው። አንዱ ባቱን ይዞ ሲወድቅ ጓደኞቹ ይከቡታል፤ አንዱ የእግሩን ጣት ወደ ላይ ይስባል፣ ሌላው ከቢጫ ጀሪካን ውሃ ያፈስበታል። ከባሰበት ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻን አንንቅም፤ የስንቱን ወለምታ አሽቶ አቁሟል። ግን በዚህ ሙቀት የሚሮጥ ልጅ ምን ያህል ውሃ ይጠጣ? ከወባ የተነሣውስ መቼ ወደ ሜዳ ይመለስ? ለክተው፣ መዝግበው የሚመልሱልን ባለሙያዎች ያስፈልጉናል።

እነሱም ሩቅ አይደሉም፤ ፊሽካ በአንገታቸው አንጠልጥለው ሜዳው ዳር የቆሙት የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘዋል። በስፖርት ሳይንስ ሁለተኛውን ለመያዝ የጎደላቸው ብዙ ጊዜ ችሎታ ሳይሆን የቤት ኪራይና የመጓጓዣ ብር ነው።

ይህን ሳይንስ ለሚያጠና ሰው መሬታችን ራሱ ላቦራቶሪ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ሌቪንና ስትሬይ ጉንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሯጮችን 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ እያኖሩ 1,250 ሜትር ላይ አሠለጠኑ፤ የ5,000 ሜትር ሰዓታቸው ተሻሻለ። ደጋው ደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሲያበዛ፣ ቆላው በሙሉ ፍጥነት ለመሮጥ ይፈቅዳል። እኛስ? ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለችው ደብረ ሲና ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ላይ ትገኛለች። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ በየቀኑ የሚወጣውን ዳገት ሳይንሱ እስካሁን አልወጣውም።

ትምህርቱ ለሯጭ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ የሰሜን ሸዋውን አበበ ቢቂላን ያስታውስ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶን ያሸነፈው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 40 ቀን ሳይሞላው ነው። በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሲያደርገው፣ ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን መድኃኒት ባደረጉበት በእንግሊዙ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ ዊልቼር ላይ ሆኖም በቀስት ተወዳደረ። ባለፉት ዓመታት ጦርነትና ግጭት ስንት አካል አጉድሎብናል? ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው እናቶቻችንስ «እንቅስቃሴ አድርጉ» ከተባሉ በኋላ እንዴትና ምን ያህል እንደሆነ ማን ያሳያቸዋል? የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ ከአሠልጣኝነት ሌላ እዚህም፣ ከሐኪሙ ጎን፣ ሥራ አለው።

ስለዚህ እንነሣ!

መምህራን፣ ለድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ከወዲሁ ተዘጋጁ። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ይሰጣሉ። የመመረቂያ ጥናታችሁን ርዕስ ከሌላ ሰው ወረቀት አትቅዱ፤ ከሜዳችን አንሡት። እስከዚያው ግን የተማሪዎቻችሁን ሰዓት፣ ቁመትና ክብደት በደብተር መዝግቡ፤ የዛሬ ደብተር የነገ ጥናት ነው።

የትምህርት ኃላፊዎች፣ ለሚማረው መምህር ፈቃድ ስጡ፣ ቦታውንም ጠብቁለት። ጤና ጣቢያዎች፣ ሲመለስ በር ክፈቱለት።

ነጋዴዎች፣ ገበሬዎች፣ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ያላችሁ ተወላጆች፣ አንድ መምህር ትምህርቱን እስኪጨርስ የሚያኖር መዋጮ አዋጡ። እሱም በፈንታው ተመልሶ ሊያገለግለን በጽሑፍ ቃል ይግባ። ሒሳቡ በየጊዜው በእድር ፊት ይነበብ።

ማሽላ ሲደርስ ወፍ ሳይጨርሰው ደቦ እንጠራለን፤ የማን ማሳ ነው ብለን አንቀርም። የዘንድሮው ማሳ የመምህሩ ትምህርት ነው። በአንድ መምህር እንጀምር። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጃችሁን አውጡና ስሙን ጥሩ።