ያልተነበበው ውጅግራ

ከዓመታት በፊት ቡሬ አጠገብ አጎቴ ቤት ብሄድ ከግድግዳው ላይ የማውቀው ውጅግራ የለም። «ጋሼ፣ የት ሄደ?» ብላቸው፣ «ጥይቱ ከየት ይገኛል ብለህ ነው? ለፍኖተ ሰላም ነጋዴ በአንድ በግ ዋጋ ሰጠሁት» አሉኝ።

ውጅግራ እኮ የሚነበብ ነገር ነው! ስሙ ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» የመጣ ነው። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. የ1874 ሲሆን 11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ ብቻ ይጎርሳል። ጎኑ ላይ ፋብሪካው፣ በርሜሉ ላይ የተሠራበት ዓመት ተቀርጿል። ዝገቱን በዘይት ጠረግ አድርጎ ማንበብ ነው። እኛ ግን እንዲያብረቀርቅልን በሞረድ እንፍቀዋለን!

ይህ መሣሪያ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ዘምቷል፤ በጣሊያን ጊዜም ከአርበኛ ጋር ጫካ ገብቷል። ገበያው ግን መለኪያው አንድ ነው፤ ስንት ይገድላል? ስለዚህ ክላሽ ይከበራል፣ ውጅግራ ይናቃል። በዚህ ሚዛን የሚመዝን ሰው አባቱንም አንድ ቀን ይሸጣል።

አንጠልጥሉት አልልም፤ አዋጅ 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል። አስመዝግቡት፤ ቁጥሩንና የባለቤቱን ታሪክ ጻፉ፤ ካልሆነም ለሙዚየም ስጡ።

አጎቴን ብቻ አልወቅስም። ያን ጠመንጃ እያየሁ ያደግሁ እኔም ዓመቱን አንድ ቀን አላነበብሁትም።