ከእግራችን የሚወጣ መብራት

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ቀኑ ባጠረ ቁጥር የሚነሳውን የብስክሌት መብራት ጉዳይ ዛሬ እናንሳው። በጀርመን ከምንኖር ወገኖች ብዙዎቻችን ወደ ሥራ የምንመላለሰው በብስክሌት ነው። በታኅሣሥ መባቻ ደግሞ በርሊን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው። የማታ ፈረቃ ለሚገባ ሰው መሄጃውም መመለሻውም ጨለማ ነው።

«የመንገድ መብራት አለ፣ ይታየኛል» የሚሉ አይጠፉም። ለእናንተስ ይታያችኋል፤ ሹፌሩ ግን ዝናብ ባራሰው መስታወት ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው እንዴት አድርጎ ይይ?

የጀርመን ሕግ እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ በተራ ብስክሌት ላይ ዲናሞን ግዴታ አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የባትሪ መብራትም ተፈቅዷል። ይህ ዓምድ ግን ለዲናሞ ያደላል። ባትሪ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ቤት ይረሳል። ዲናሞ ጎማው እስከ ዞረ ድረስ ያበራል፤ በውስጡ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ እንጂ የሚያልቅ ነገር የለበትም። መደበኛ ጉልበቱ 6 ቮልት፣ 3 ዋት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለኤል ኢ ዲ መብራት ግን ይተርፋል።

ያገለገለ ብስክሌት የምትገዙ ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ጎማውን እየነካ የሚዞረው ጠርሙስ መሳይ ዲናሞ ዘንጉ ወደ ጎማው መሃል ያቀና ይሁን። ከተዛነፈ ጎማ ይበላል። ሲዘንብ ደግሞ ይንሸራተታል። በፊተኛው ጎማ መሃል የተገጠመው ዓይነት ይህ ችግር የለበትም።

ሁለተኛ፣ ሽቦው አንድ ብቻ ከሆነ የኤሌክትሪኩ መመለሻ የብስክሌቱ ብረት ነው። መብራቱ እምቢ ካለ አምፖሉን ከመጣላችሁ በፊት መጋጠሚያው ላይ ያለውን ዝገትና ቀለም ፋቁ።

ሦስተኛ፣ ስትቆሙ የማይጠፋ መብራት ፈልጉ። አሮጌው ጎማው ሲቆም አብሮ ይጨልማል፤ ያውም መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ መኪና ከኋላ ሲመጣ። አዲሶቹ ጥቂት ኤሌክትሪክ አጠራቅመው ለጥቂት ደቂቃ ያበራሉ።

ያለ መብራት መንዳት 20 ዩሮ ያስቀጣል። እሱስ ይከፈላል። ግን ከብዙዎቻችን ኋላ እጅ እጃችንን የሚያይ ቤተሰብ አለ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሰኞ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ዲናሟችሁን ፈትሹ።