አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጨዋታ



ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በካንጋተን የሚሆነውን የማያውቅ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ሙቀቱ ጋብ ሲል ሱቅ የዘጋውም፣ ከመሥሪያ ቤት የወጣውም፣ ከብቱን ከኦሞ ዳር አጠጥቶ የተመለሰውም ወደዚያችው ወደ ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ያመራል። አግዳሚው ይሞላል። የቀረው በርጩማውን ይዞ በር ላይ ይቀመጣል፤ ሕፃናቱ ደግሞ በመስኮት ተንጠልጥለው ያያሉ። ይህ ደግ ነገር ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በዚህችው ቴሌቪዥን የተነሣ ጭቅጭቅ እስካሁን ሳይበርድ ቀርቶ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ስለ ደረሰ፣ እኛም ጥቂት ሐሳብ በዚህ ሰሌዳ ላይ ልናሰፍር ወደናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአርባ ምንጭ ከተማ ጨዋታና የእንግሊዝ ጨዋታ በአንድ ሰዓት ሲገጥሙ የትኛው ይታይ? እስካሁን የሚወሰነው በጩኸት ነው። ጩኸት ደግሞ ሁልጊዜ የብዙኃኑ ነው፤ ብዙኃኑም የአርሴናልና የማንቸስተር ነው። ስለዚህ የአርባ ምንጭ ሰው ውጭ ወጥቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ መረቡ ሲቆራረጥ እየተነጫነጨ፣ ውጤት ይጠይቃል። የአንድ ሻይ ሒሳብ ግን እኩል ከፍሏል!

ቲፎዞ ያልሆነ ሰው «ለኳስ ብላችሁ ትጣላላችሁ?» ይለን ይሆናል። የቲፎዞን ሳምንት ቢያውቀው እንዲህ አይልም ነበር። ሰኞ ቡድኑ ያሸነፈለት ሰው መንገዱ ሁሉ ይጠበዋል፤ ሰላምታው ይበዛል፤ ቡና ልጋብዝ ይላል። የተሸነፈበት በጓሮ በኩል ዞሮ ሥራው ይገባል። ማክሰኞ ዳኛው ይወገዛል። ረቡዕ ተራው የአሠልጣኙ ነው፤ «ይባረር!» ይባላል። ሐሙስ ላይ የተጎዳው አጥቂ ተሽሎታል የሚል ወሬ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ይደርሳል። ዓርብ ያ ሰኞ ዕለት በጓሮ የዞረው ሰውዬ «ነገ ሦስት ለባዶ ነው፣ ጻፉልኝ» እያለ በገበያ መካከል ያውጃል። እንግዲህ ይኸን ሁሉ ተሸክሞ ቅዳሜ የደረሰን ሰው፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ጣቢያውን ቢቀይሩበት ምን ይሰማዋል?

በፈረንጆቹ ዘንድ ይህ ሁሉ ግርግር የክረምት ጓደኛ ነው። ቀኑ ሲያጥር፣ ብርዱ ሲጠና፣ ሰው የሚሞቀው በኳስ ነው። የእነሱ ክረምት ለእኛ በጋ ስለሆነ፣ እዚያ በካፖርት የሚታየውን ጨዋታ እኛ ሸሚዛችንን ከፍተን፣ በካርቶን እያራገብን እናየዋለን። ሰዓታቸውንም በብርዱ ወራት ወደ ኋላ ስለሚመልሱት፣ በሌላው ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት የሚጀምረው የቅዳሜ ጨዋታ በእነዚያ ወራት ወደ 12 ሰዓት ይገፋል። የሀገራችን ሊግም በእነዚሁ ወራት ከሰዓት በኋላና ማታ ይካሄዳል። ግጭቱ የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ማንም በክፋት ያመጣው አይደለም።

ስለ ክረምት ስፖርት ከተነሣ አይቀር፣ በበረዶ ላይ የሚደረገውም ቢሆን ያለ ኢትዮጵያዊ አልቀረም። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. ጣልያን ሀገር ቱሪን ላይ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ 83ኛ ወጣ፤ በዚያ ውድድር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ካናዳ ቫንኩቨር ድረስ ተመልሶ ሄደ። እንግዲህ 83ኛ የወጣ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ሲሰለፍ ባንዲራውን ይዞ «አይዞህ» የሚለው አንድ ሁለት ሰው ሳይኖረው አይቀርም። እኛ የምንናገረው ስለነዚያ አንድ ሁለት ሰዎች ነው።

የእኛው ክረምት ሌላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደጋው በዝናብ ሲርስ በካንጋተን ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ክረምት ወደ እኛ ይመጣ የነበረው በወንዙ በኩል ነው። ኦሞ በደጋ ዝናብ ሞልቶ ዳርቻውን አጥለቅልቆ ሲመለስ በርጥቡ መሬት ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ጊቤ 3 ተመርቆ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ያ የየዓመቱ ሙላት እንደ ቀድሞው አይደለም። ክረምት መሆኑን አሁን የምናውቀው ጂንካና አርባ ምንጭ የሚማሩት ልጆቻችን ዕረፍት ሲመጡና ሜዳው በአቧራ ሲጨስ ነው። ልጆቹ ከትምህርታቸው ሌላ አንድ ነገር ይዘው ይመጣሉ፦ የአርባ ምንጭን ቡድን ፍቅር።

ይህ ፍቅር ቀላል ፍቅር እንዳይመስላችሁ። አርባ ምንጭ ከተማ በ2010 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2013 ዓ.ም. ወጣ። በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወረደ፣ በ2016 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ሌላው ቲፎዞ ሳምንቱ ሲወጣና ሲወርድ፣ የአርባ ምንጭ ቲፎዞ ዓመቱም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። በወረደ ጊዜ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ማየት ቀርቶ ውጤቱን ማግኘት እንኳ ጭንቅ ነው። ያኔ ብዙዎች «እኔ ድሮም የእንግሊዝ ነኝ» ብለው ዘወር አሉ። በ2016 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ግን እነዚያው ሰዎች ከፊት ቆመው ሲጨፍሩ አይተናል። ኧረ ተዉ!

በጣም የሚገርመው እነዚሁ ወገኖቻችን ታማኝነት የማያውቁ ሰዎች አለመሆናቸው ነው። አርሴናል በ1996 ዓ.ም. ዋንጫ ካነሣ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ የሊጉን ዋንጫ ሳያገኝ ኖሯል። በዚህ ሁሉ ዘመን «ዘንድሮ የእኛ ነው» እያለ የጠበቀ ሰው በሰፈራችን ሞልቷል። አላፈረም፣ አልከዳም። ማንቸስተር ዩናይትድም ከ2005 ዓ.ም. በኋላ በሊጉ ምን ሲሆን እንደ ቆየ ቲፎዞው ያውቀዋል፤ ቁስሉን አንነካካበትም። ታዲያ ለለንደን 20 ዓመት የሚበቃ ትዕግሥት ካለን፣ ለአርባ ምንጭ አንድ ዓመት የሚሆን እንዴት እናጣለን?

የኛንጋቶም ሽማግሌዎቻችን ይህን ነገር ከእኛ የበለጠ ሊያስረዱን ይችላሉ። በትውልድ ሥርዓታቸው ሰው የሚቆጠርበት ወገን የሚወሰነው በአባቱ ነው፤ የዝሆኖች ልጆች ሰጎኖች ናቸው፣ አለቀ። ዝሆኖቹ ደክመዋል፣ ሰጎኖቹ ዘንድሮ አልቀናቸውም ብሎ ወገኑን የሚቀይር የለም። ቡድን መደገፍ በእርግጥ ይህን ያህል የከበደ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም በዚህች ከተማ እየኖርን ወገንን በየሳምንቱ መለዋወጥን እንደ ብልጠት መቁጠራችን ያስገርማል።

«የእንግሊዙ ኳስ ይበልጣል» የሚል ክርክር ይቀርባል። እውነት ነው፣ ይበልጣል። ፍጥነቱም፣ ሜዳውም፣ ቀረጻውም ይበልጣል። ይህን ብንክድ ውሸታም እንሆናለን። ይሁን እንጂ የደቡብ ቡድኖች ምን እንዳደረጉ ሳያዩ «ምን አላቸው?» የሚሉትን አንቀበልም። ወላይታ ድቻ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ወስዶ በቀጣዩ ዓመት ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ወጣ። በዚያም የገጠመው የካይሮውን ዛማሌክን ነበር። የካቲት 2010 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። መጋቢት ላይ ካይሮ ሄዶ 2 ለ 1 ተሸነፈና በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 አሸንፎ አለፈ። ዛማሌክን! ቀጥሎ በታንዛንያው ያንግ አፍሪካንስ ተሰናበተ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሶዶ ከእኛ ሩቅ ብትሆንም ያን ምሽት የተሰማውን ደስታ የትኛውም የለንደን ዋንጫ አይተካውም ብለን እናምናለን።

ሌላም ምክንያት አለን። ቀደም ሲል ለሕክምና ወይም ለጉዳይ በቱርሚና በኮንሶ አድርጎ አርባ ምንጭ የገባ ሰው፣ ዕለቱ ከገጠመለት ስታዲየም ገብቶ ቡድኑን በዓይኑ አይቶ ይመለስ ነበር፤ ወሬውም ለወር ይበቃን ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በወረርሽኙ ምክንያት ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው በየተራ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ ላይ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ አሠራሩ ለዓመታት ቀጠለ። የአርባ ምንጭ ሰው ራሱ ቡድኑን በደጁ ማየት ከቀረበት፣ ለካንጋተን ሰው ያለችው በር ያች ቴሌቪዥን ብቻ ናት። የእንግሊዙን ጨዋታ ማታ በድጋሚ ያሳዩታል፤ በማግሥቱም ያሳዩታል። የእኛን ያመለጠ ሰው ግን አመለጠው።

በክረምቱ ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ የሚሮጠውም ልጅ መረሳት የለበትም። ይህ ልጅ ለንደን ውስጥ ያለ ተጫዋችን ሲያይ ተረት እንደሚያይ ያያል። የአርባ ምንጭን ተጫዋች ሲያይ ግን፣ እሱ በተማረበት ከተማ ያደገ፣ እሱ በሚያውቀው አቧራ ላይ የተጫወተ ሰው ነው የሚያየው። መንገዱ ረጅም ቢሆንም ከየት እንደሚጀምር ይታየዋል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የደቡብ ቡድን ጨዋታና የእንግሊዝ ጨዋታ በአንድ ሰዓት በሚገጥሙበት ቀን አንዱ ሳምንት ለዚህ፣ ሌላው ሳምንት ለዚያ ይሁን፤ ተራውም ዓርብ ዓርብ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ገበያቸው እንዳይቀንስ መሥጋታቸው ተገቢ ስለሆነ፣ በደቡብ ቡድን ተራ የሚመጣው ሰው ጥቂት ቢሆን እንኳ የጄኔሬተሩን ነዳጅ የእኛ የአርባ ምንጭና የድቻ ደጋፊዎች አዋጥተን እንሸፍናለን። ስማቸውን ለማስመዝገብ የፈቀዱ ከወዲሁ አሉ። የአርሴናልና የማንቸስተር ወገኖቻችን በዚህ ላይ ያላቸውን ተቃውሞ በጽሑፍ አድርገው ከሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ እንዲጨምሩልን እንጠይቃለን፤ መጻፍ ያልተመቸው ደግሞ ለማኅበሩ ጸሐፊ በቃል ይንገር። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ ግን ጣቢያ መቀየሪያው በባለቤቱ እጅ ይቆይ።