እምነት ለደካማ ሥዕል መከታ አይሁን

ባለፈው ጥር ለንግሥ በዓል ወዳደግሁበት ደብር ሄጄ ነበር። በልጅነቴ የማውቀው ክብ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በምትኩ ባለ ጉልላት የሲሚንቶ ሕንፃ ቆሟል። ሕንፃው ሰፊ ነው፤ የድሃ ምእመናን ገንዘብና ላብ ፈሶበታል፤ ይህን አላቃልልም። ዓይኔን የያዘው የመቅደሱ ግድግዳ ነበር። ቀድሞ በሸራ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ስቅለት በነበረበት አንጻር፣ በኮምፒውተር ተቀናብሮ በፕላስቲክ ባነር ላይ የታተመ ምስል ተወጥሯል። ጸጉሩ ወርቃማ፣ ጉንጩ ቀላ ያለ ክርስቶስ፤ ከበስተኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ፤ ከግርጌው የለጋሹ ስም። አሮጌው ሥዕል የት እንደ ደረሰ አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል ጠየቅሁ። «አርጅቶ ነበር፤ ከፍርስራሹ ጋር ወጣ» አሉኝ በትሕትና። «ይኼኛው ደግሞ ያበራል።»

ሰውየው ክፉ አይደሉም። ጥፋቱ የእርሳቸው የብቻቸው ቢሆንማ ይህን ባልጻፍሁ። አንድ ሥራ መንፈሳዊ ከተባለ ጥራቱን መጠየቅ እንደ ድፍረት፣ አንዳንዴም እንደ ኑፋቄ መቆጠሩ የብዙዎቻችን ሕመም ነው። በችኮላ በኪቦርድ ተቀናብሮ የሚወጣው መዝሙርም በዚሁ ከለላ ያልፋል። መልእክቱ ትክክል ከሆነ ሥራው ጥሩ ነው የሚለውን ሕግ ደግሞ ከሌላ ቦታ እናውቀዋለን፤ በደርግ ዘመን በየአደባባዩ የተሰቀሉት ጡንቸኛ ወዛደሮች የተሣሉት በእርሱ ነበር። ያ ሕግ ከካድሬው ቢሮ ወጥቶ በቅኔ ማኅሌት ሲገባ ማየት እጅግ ይከብደኛል።

«ሥዕለ አድኅኖ የሚሳለሙት እንጂ የሚተቹት አይደለም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ክርክራቸውን አከብራለሁ። እናቴም ዕድሜዋን ሙሉ የጸለየችው ከገበያ በተገዛ የወረቀት ሥዕል ፊት ነው፤ እንባዋ በሥዕሉ ርካሽነት ምክንያት ከመንገድ ቀርቷል የሚል ሞኝ አልሆንም። ነገር ግን የእናቴ ጸሎት መሰማቱ ለአታሚው የጥራት ምስክር ወረቀት አይሆነውም። በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው ለስብከት ሳይሆን ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ ዕንቊ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነበር። የእጅ ጥበብ ራሱ የመንፈስ ስጦታ ከሆነ፣ ጥበቡን መመዘን እንዴት ኃጢአት ይሆናል?

አባቶቻችንም ይመዝኑ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ስሙን የጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል አለ። በባህላዊው ሥዕላችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው ታይቶ ፊት ለፊት ይቀርባሉ፤ ይሁዳና አጋንንት ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን። ይህ አለማወቅ አይደለም፤ በመስመር የተጻፈ ነገረ መለኮት ነው። የባነሩ ክርስቶስ በአንጻሩ ዓይኖቹን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ ማንንም አያይም።

ወቀሳዬን ፈረንጅ ጠል አድርጎ የሚተረጉም እንዳይኖር ልጨምር። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ ከኢየሱሳውያን ጋር አገራችን ሲገባ ሠዓሊዎቻችን አልሸሹትም። ልብሱን፣ ዓይኑን፣ መስመሩን የራሳቸው አድርገው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመንና ከዚያ በኋላ ደጋግመው ሣሉት፤ ዛሬ የጎንደር ሥዕል የምንለው ያለ እርሱ አይታሰብም። እነርሱ አላምጠው ዋጡ፤ እኛ የምንወጥረው ግን ሳናላምጥ ነው።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የማስታወቂያ ሠዓሊ ዋርነር ሳልማን እ.ኤ.አ. በ1940 የሣለው የክርስቶስ ምስል በመቶ ሚሊዮኖች ቅጂ ዓለምን አጥለቅልቋል። በፈረንሳይ ግን አባ ኩቱሪዬ የተባሉ የዶሚኒካን መነኩሴ፣ ችሎታ ከሌለው አማኝ ይልቅ እምነት የሌለው ሊቅ ይሻላል ብለው ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 በተባረከው የአሲ ቤተ ክርስቲያን ኮሚኒስቱ ሌዤና አይሁዳዊው ሊፕሺትዝ ሳይቀሩ ሥራቸውን አኖሩ። ጀርሜን ሪሺዬ የሠራችው መስቀል ቁጣ አስነሥቶ በ1951 ከመንበሩ ተነሣ፤ ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። ስለ መስቀል ሥዕልና ቅርጽ የሚጣላ ምእመን ቢያንስ አይቶታል። ጳጳሱ ጳውሎስ 6ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ሠዓሊዎችን በሲስቲን ጸሎት ቤት ሰብስበው፣ ቤተ ክርስቲያን ከእነርሱ ርቃ ወደ ርካሽ የኅትመት ሥዕሎች መሄዷን ተናዘው ይቅርታ ጠየቁ። ከእኛ ማን እንዲህ ያለውን ቃል ተናገረ?

ሊነገራቸው የሚገባ ሰዎች ነበሩን። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሐረር የተወለደው ከአለቃ ደስታ፣ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ከነበሩ አባት ነው። በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1963 «ጎልጎታ»ን ሣለ፤ የአባቱን ስቅለት በራሱ ዘመን የሥዕል ቋንቋ ደገመው። እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ሞተ። የስቅለቱን ሥዕል ዛሬ ማየት የሚሻ ሰው የሚፈልገው በሙዚየም እንጂ በደብር አይደለም። ጥፋቱ የካህናቱ ብቻ ነው አልልም፤ ከእርሱ በኋላ ከመጡት ሠዓሊዎች ትልልቅ ዓይን ያላቸውን መላእክት ለቱሪስት ሳሎን ማስጌጫ ያዋሉ ጥቂት አይደሉም።

ከደብሩ ልወጣ ስል እኚያው የሰበካ ጉባኤ አባል እጄን ይዘው ምክር ጠየቁኝ። ለጉልላቱ ውስጥ ሌላ ባነር ታስቧል፤ ርካሽ ማተሚያ ቤት አውቅ እንደሆነ። የማተሚያ ቤት አላውቅም አልኳቸውና የአንድ ወጣት ሠዓሊ ስልክ ጽፌ ሰጠኋቸው። «ስንት ያስከፍላል?» አሉኝ። ከባነሩ እንደሚበልጥ ነገርኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር ከተቱት፤ ልጁ እስካሁን አልተደወለለትም።