የልማት ዕቅድ ትምህርት ከገበሬው ማሳ ይጀምር

በምሥራቅ ጎጃም የሞጣና የብቸና ገበሬ ገመድ ይዞ ማሳው ላይ የሚቆምን እንግዳ በጥርጣሬ ዓይን መመልከቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ገማቾች ወደ ሁለቱ አውራጃዎች ተላኩ። ገበሬው መሬቱ ከተለካ ርስቱ መነካቱ አይቀርም ብሎ አመነ። በጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ላይ የነበረው ቅሬታ ተጨምሮበት ነገሩ ወደ አመፅ አመራ። ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በሰው ሕይወትና በንብረት ላይ ጉዳት ከደረሰ በኋላ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

ይህ ታሪክ ለታሪክ ጸሐፊዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ልማት፣ የመሬት አስተዳደር፣ የተፈጥሮ ሀብትና የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ የሚያጠኑ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሲመረቁ ሥራቸው መሬት መለካት፣ ቤተሰብ መቁጠር፣ ተዳፋትና ወንዝ በካርታ ላይ ማስፈር፣ በመጨረሻም ይህ ይታረስ፣ ያ ይከለል ብሎ ማቀድ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ የገበሬው ይሆናል ወይስ በገበሬው ላይ የሚጫን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ከወዲሁ፣ ገና በትምህርቱ ላይ ሳሉ መልስ ማግኘት አለበት።

ተማሪን ከገጠሩ ሕዝብ ጋር ለማገናኘት የተደረገው ሙከራ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ከከተማው ውጭ እንዲያገለግሉ ተደረገ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ተሰማሩ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ፣ በ800 ሄክታር ማለትም በ20 ጋሻ መሬት መነሻነት የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ ተደነገገ። መሬት መደልደል፣ በአጠቃቀሙ ላይ የሚወጣውን መመሪያ መከተል፣ ትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ማሠራት የማኅበሩ ተግባር ሆኖ ተጻፈ። ስለዚህ ገጠርን የማቀድ ሥራ ለገበሬው መሪ ከሕግ ጋር የመጣ ኃላፊነት ነው። ማኅበሩ በቀበሌ አስተዳደር ከተተካ በኋላም ሕዝቡ ቀበሌውን ገበሬ ማኅበር እያለ የሚጠራው ይህ ሥራ ከስሙ ጋር ስለ ተያያዘ ይመስላል።

ከ1960ው ታሪክ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ሌላ ታሪክም እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ይገኛል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታን መመዝገብ ሲጀምር፣ ለሙከራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ጎዛምን ነበር። እንደ ቀድሞው ሁሉ ማሳ ተለካ። ነገር ግን ድንበሩን ያሳዩት ባለይዞታውና ጎረቤቶቹ ናቸው፤ የታዘቡትም ሕዝቡ የመረጣቸው የቀበሌ የመሬት ኮሚቴ አባላት ናቸው። በመጨረሻም ገበሬው የይዞታ ደብተር በእጁ ገባ። እርግጥ በ1989 ዓ.ም. የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ያሳደረው ሥጋት ገና አልጠፋም ነበር፤ ጊዜውም የርስት ዘመን አልነበረም። ቢሆንም የመለኪያው ገመድ ያው ሆኖ ሳለ አንድ ጊዜ ጦርነት፣ ሌላ ጊዜ ደብተር ማስከተሉ መሪዎችን ሊያስተምር ይገባል። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች አንዱ በድንበሩ ላይ ቆሞ የተናገረው ማን እንደ ሆነና ከልኬታው ማን እንደ ተጠቀመ ነው።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ የመሬት አስተዳደርን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር መጀመሩ ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። ይህም ትምህርት ከሜዳው ችግር ሲነሣ ቦታውን እንደሚያገኝ ያሳያል።

የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድም እንዲሁ ነው። በምዕራብ ጎጃም ከደንበጫ ሰሜን በሚገኘው አንጀኒ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፣ 113 ሄክታር በሚሆን ተፋሰስ ላይ የዝናቡ፣ የጎርፉና የሚታጠበው አፈር መጠን ሲመዘገብ ቆይቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ አፈሩ ወደ ላይ እየተጣለ የሚሠራው ፋኛ ጁ የተባለው እርከን በተፋሰሱ ተሠራ። እርከኑ አፈር መያዙ በልኬት ታይቷል። ይሁን እንጂ እርከን የእርሻ ቦታ ይወስዳል፤ በሬም እንደ ልብ አያዞርም። ይህን በቅድሚያ የሚያውቀው የሚያርሰው ሰው ነው።

የብቸና ዋልካ መሬት ደግሞ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ተዳፋቱ ላይ ውኃው እንዳያጥብ መያዝ ሲያስፈልግ፣ ዋልካው ላይ ግን ውኃው ተኝቶ ሰብሉን እንዳያበላሽ ማስወጣት ያስፈልጋል። ገበሬው ለዚህ ፈሰስ ያወጣል። የላይኛው ሰው ፈሰስ ከታችኛው ሰው ማሳ ላይ ሲወርድ ግን ጠብ ይነሣል፤ ሰሚ ካላገኘም ውሎ አድሮ ቦረቦር ይሆናል። በካርታ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ሆኖ የሚታየው ፈሰስ በመንደሩ ውስጥ የጉርብትና፣ የዳኝነትና የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከጮቄ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱት እንደ ሙጋና ሱሃ ያሉ ወንዞች ይዘውት የሚሄዱት አፈርም በየማሳው እንዲህ ተጠራቅሞ የሚታጠበው ነው። ይህን የማያስተምር የዕቅድ ትምህርት ጎዶሎ ነው።

እንግዲህ ከመሪዎች የሚጠበቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ተማሪ ለጥናት ወደ ቀበሌው ሲመጣ የድጋፍ ደብዳቤ ከመፈረም አልፈው ሕዝቡን ሰብስበው ምን እንደሚለካ፣ ለምን እንደሚለካና ውጤቱ ለማን እንደሚሰጥ በግልጽ እንዲናገር ማድረግ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ተማሪው በመኪና መንገድ ዳር ካሉት ቤቶች ብቻ ጠይቆ እንዳይመለስ ከተራራው ጫፍ እስከ ወንዙ ድረስ ሊያስጎበኙት፣ መሬታቸውን ለእኩል የሰጡ ሴቶችንና መሬት የሌላቸውን ወጣቶች ቃል ሊያሰሙት ይገባል። እነዚህ በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የማይናገሩ ናቸው። ሦስተኛ፣ ጥናቱ ሲያልቅ በአማርኛ ተጽፎ፣ ካርታውም ጭምር በቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ በቅድሚያ ቃል ያስገቡ። ገበሬው የሰጠው ዕውቀት በከተማ መደርደሪያ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም።

አራተኛውና ዋነኛው ልጆችን የሚመለከት ነው። በብዙ ቤት ልጅ የሚማረው ከእርሻ ለመውጣት ነው፤ ይህም አያስወቅስም። ነገር ግን የፈሰስ ጠብ ምን እንደሆነ ከልጅነቱ ያየ፣ ከአባቱ ጋር ዋልካ ላይ ጠምዶ የዋለ፣ ከእናቷ ጋር ውኃ ልትቀዳ ቁልቁለት የወረደች ልጅ ይህን ሙያ ብትማር ከማንም በላይ ለአካባቢው ትጠቅማለች። መሪዎች ይህን ለወላጆች ማስረዳት፣ በተለይ ሴት ልጆች ከትምህርት እንዳይቀሩ መከራከር ይኖርባቸዋል።

ዩኒቨርሲቲዎችም በበኩላቸው የገበሬውን ምስክርነት የፈተናው ክፍል ቢያደርጉት መልካም ነው። ተማሪው ዕቅዱን በመምህራን ፊት ከማቅረቡ በፊት በሚታቀድለት ቀበሌ ሕዝብ ፊት ያቅርብ፤ ገበሬውም ይጠይቀው። የ1960ዎቹ የሞጣና የብቸና ገበሬዎች የመጠየቂያ መድረክ አላገኙም፤ መልሳቸውንም በጠመንጃ ሰጡ። የልጅ ልጆቻቸው ጥያቄያቸውን በአዳራሽ እንዲያቀርቡ ማድረግ ግን የመሪዎችና የምሁራን የጋራ ሥራ ነው።