ከንጋት ሐይቅ በፊት ቀርከሃው

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቱሪዝም ሲነሳ ወሬው ሁሉ ንጋት ሐይቅ ሆኗል። ጀልባ፣ ደሴት፣ ሎጅ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ቢወራለት አይገርምም። ግን የአሶሳ ሰው እሁድ ከሰዓት የት ይሂድ? ጉባ ሩቅ ነው። ሎጁ ቢሠራም ዋጋው ለመምህርና ለነርስ የሚቀመስ አይሆንም።

ለከተማዋ የሚቀርበው የቀርከሃ ጫካው ነው። የአገራችን የቆላ ቀርከሃ በብዛት የሚገኘው በዚሁ ክልል ነው። "ቀርከሃ ደግሞ ምኑ ይታያል?" የሚል ካለ ክረምት ላይ ይምጣ። ዝናቡ ሲወርድ ቡቃያው መሬቱን ሰንጥቆ ይወጣና በሳምንታት ውስጥ ከሰው ቁመት ያልፋል። በርታውና ጉሙዙ ቡቃያውን አብስሎ ይበላዋል፤ ቤቱንም አጥሩንም የሚሠራው ከዚሁ ነው። ይህን እያሳየ በእግር የሚያስጎበኝ የሰፈሩ ወጣት ካለ፣ ለእኔ ከጀልባው ይበልጥብኛል።

በዚህ ክልል "ጫካ ገባ" የሚለው ቃል ሽርሽርን እንደማያስታውስ አውቃለሁ። መተከልና ካማሺ ያዩትን አይተዋል። ስጋቱ በቱሪዝም ቢሮ ፖስተር አይጠፋም። ለዚህ ነው ከከተማው አፋፍ፣ በግማሽ ቀን መንገድ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ይጀመር የምለው።

ጊዜም የለንም። በየበጋው እሳት ይነሳል፤ እርሻውም ይገፋል። በዚያ ላይ የቆላ ቀርከሃ በአሥርት ዓመታት አንዴ በጅምላ አብቦ ይሞታል። ከዘሩ የበቀለው እስኪያድግ ቦታው ካልተጠበቀ፣ ማረሻ ገብቶበት ይቀራል።

ሕጉ አለ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ማኅበረሰብ የደን ባለቤት እንዲሆን ይፈቅዳል። አዲስ አበቤ በእግሩ ሊንሸራሸር መናገሻ ሱባ ደን የሚሄደው ሎጅ ፍለጋ አይደለም፤ ዛፍና የእግር መንገድ ስላለ ነው። አሶሳም የሚያስፈልጋት ከዚያ ብዙ አይበልጥም፤ ጥርጊያ መንገድ፣ ጠባቂ፣ ቡና የምታፈላ እናት።

ዋናው ክርክር የሚመጣው በመግቢያ ክፍያው ነው። ገንዘቡ ለቀበሌው የደን ማኅበር ይግባ። ወረዳው ካዝና ውስጥ ከገባ ግን፣ ጥር ላይ እሳቱ ሲነሳ ቅጠል ይዞ የሚሮጠው ማን እንደሆነ ቢሮው ከአሁኑ ይንገረን።