አዲሱ ቁጭ በሉ

መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ቁጭ በሉን ያውቃል። ከአውቶቡስ ተራ የወረደውን የአገር ቤት እንግዳ መንገድ ላይ በጣለው የሐሰት ወርቅ የሚያታልለው ጮሌ ስሙ የቆየ ነው። ዛሬ ግን በእጁ ያለው ወርቅ ሳይሆን ስልክ ነው፤ የሚጠብቅብንም በመኪና ውስጥ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ከተከተለው ወዲህ፣ ከሰባተኛ ወይም ከምዕራብ ሆቴል ዕቃውን ጭኖ በራይድ፣ በፈረስ ወይም በሌላ የጥሪ ታክሲ የሚሄድ ሰው ሒሳቡን በስልክ መክፈል ለምዷል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን መልካሙን ተከትሎ ሦስት ዓይነት ማጭበርበር ገብቷል።

አንደኛው የተሳፋሪው ነው። «ልኬያለሁ» ብሎ የውሸት ደረሰኝ ለሾፌሩ ያሳይና ወርዶ ከሕዝቡ ይቀላቀላል። ሁለተኛው የሾፌሩ ነው። «ሲስተሙ አልሠራም፤ ትእዛዙን ይሰርዙትና እኛው እንነጋገር» ይላል። ትእዛዙ ሲሰረዝ በኪሎ ሜትርና በደቂቃ የሚቆጥረው ሒሳብ ይቀራል፤ መንገደኛው ለአቤቱታ የሚያቀርበው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። ሦስተኛው ፊቱን የማናየው ነው። «ሒሳብዎ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል፤ እንድመልስልዎ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ብሎ ይደውላል። ያ ቁጥር የቤት ቁልፍ ነው። ገንዘብ ለመቀበል ምሥጢር ቁጥር የሚጠየቅበት አንድም ምክንያት የለም።

ሾፌሮችን በጅምላ ለመውቀስ አልተነሣንም። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ፣ የኮሚሲዮኑ ተቆራጭም ተጨምሮበት፣ ኑሯቸው እንደ ከበዳቸው እናያለን። ነገር ግን ቅሬታ ካለ ለድርጅቶቹ በግልጽ ይቀርባል እንጂ ሽንኩርት ተሸክማ ከምትሄድ ሴት ኪስ አይወራረድም። ድርጅቶቹም ቢሆኑ ተሳፋሪም ሾፌርም አቤት ሲል የሚሰማ ሰው ማስቀመጥ አለባቸው።

ይልቁንስ ወደ ራሳችን እንመለስ። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በተበላሸ ጊዜ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቷል፤ ከወሰዱትም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደ ነበሩ የባንኩ ኀላፊዎች ተናግረዋል። በየግቢው ያን ሌሊት እንደ ሠርግ ያወሩት ነበሩ። ገንዘቡ አብዛኛው ተመልሷል፤ ሳቁ ግን አልተመለሰም። ዛሬ ሾፌርን በሐሰት ደረሰኝ ሸኝቶ በመኝታ ክፍሉ የሚተርክ ተማሪ የዚያው ሳቅ ልጅ ነው። ይህ ብልጠት አይባልም፤ ስርቆት ነው። ሕጉም አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማታለልን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል።

የሚጎዳው ምንድን ነው? እምነት ነው። መርካቶ የቆመው በቃል ነው፤ ነጋዴው ያለ ወረቀት ዱቤ ይሰጣል፣ ዕቁብተኛው ያለ ፍርድ ቤት ይከፍላል። ደረሰኝ ሁሉ ከዋሸ ነጋዴውም ሾፌሩም «ጥሬ ብር ካልሆነ» ይላሉ፤ ያኔ ለኪስ አውላቂ የሚጋለጠው ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ የሚመጣው ድኻ ነው።

ስለዚህ ተቀባይ ሁሉ የከፋዩን ስልክ ሳይሆን የራሱን ሒሳብ ይመልከት። በሌላ ሰው መስተዋት ላይ የታየ ገንዘብ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ቴሌብር ያለው ሰው ኢንተርኔት ባይኖረው እንኳ *127# ደውሎ ሒሳቡን ማየት ይችላል። ተሳፋሪም ጉዞው ሳያልቅ ትእዛዙን አይሰርዝ፤ ታርጋውን ይያዝ።

ይህን ለእርስ በርሳችን ብቻ ብንጽፈው ግን ግማሽ ሥራ ነው። ማኅበራችን በየቅዳሜው ጥቂት ፈቃደኞችን ወደ ምናለሽ ተራና ወደ አውቶቡስ ተራ ይላክ። ሒሳብ ማየትን ለተሸካሚው፣ ለባለ ጉሊቷ፣ ለሾፌሩ ማስተማር ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በሕዝብ ግብር የተማርን ሰዎች ይህን ያህል እንኳ ካልመለስን፣ በእኛና በቁጭ በሉ መካከል ያለው ልዩነት ምኑ ላይ ነው?